ሻንጣውን የማይፈታ ተከላካይ

በእግር ኳስ ሙያ ተዘዋዋሪ ተጫዋች የሚባለው የጨዋታ ዘመኑን በአንድ ክለብ ማልያ ሳይሆን በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ በሚቀያየሩ ማልያዎች የሚያሳልፍ፣ ኮከብ ተብሎ ባይጠራም ከአንዱ ቡድን ሲሰናበት በሌላው ቦታ የማያጣ ባለሙያ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በብዛት ከተከላካዮች መካከል የሚገኘው ያለምክንያት አይደለም፤ አጥቂ ባስቆጠረው ግብ ቁጥር ዋጋ ሲቆረጥለት የተከላካይ ሥራ ግን የሚለካው ሳይቆጠር በቀረ ግብ ስለሆነ፣ ክለቦች ገንዘባቸውን ለአጥቂ ያፈሱና ተከላካዩን ውሉ ሲያልቅ በነፃ ለመውሰድ ይጠብቃሉ። ይህ ኑሮ ከውጭ ሲታይ የመንከራተት ይመስላል፣ በቅርብ ለተመለከተው ግን ራሱን የቻለ ሥርዓት፣ ሕግና የገበያ ልማድ ያለው ነው፤ ይህ ሥርዓት ለተጫዋቹ ምን እንደሚሰጠው፣ ከተነሳበት ሜዳ ደግሞ ምን እንደሚያስቀር ለመረዳት ሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ጥሩ መመልከቻ ናቸው።

ሸዋ ሮቢት በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። 2,840 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከምትገኘው ከደብረ ብርሃን ብርድ የተነሳ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ሲወርድ ጋቢውን አጣጥፎ ያስቀምጣል፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ 1,280 ሜትር ያህል ወደሆነ ከፍታ ወርዶ የሮቢ ወንዝ በሚያጠጣው የሽንኩርት፣ የማሾና የማሽላ አገር ውስጥ ራሱን ያገኛል። ይፋት ከጥንትም የመንገድ አገር ነበር፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የወላስማ ሥርወ መንግሥት ያቆመው የይፋት ሱልጣኔት ኃይሉን ያገኘው ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣውን የንግድ መስመር በመያዙ ሲሆን፣ ዛሬም የአማራው፣ የአርጎባው፣ የኦሮሞውና የአፋሩ ገበያተኛ በአካባቢው የገበያ ቀናት ይገናኛል። ወጣቱም ይህንኑ ጎዳና ተከትሎ ይወጣል፤ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ።

በቆላው ኳስ የሚጀመረው ፀሐይ ከበረደች በኋላ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት ሜዳው ያቃጥላል። ሁለት ድንጋይ ወይም ሁለት እንጨት ግብ ይሆናል፣ ሁለት ጎረምሶች እየተፈራረቁ ጓደኞቻቸውን ይመርጣሉ፣ የሚያንጠባጥበውና የሚያስቆጥረው ልጅ ቀድሞ ይወሰዳል፣ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ግብ ጠባቂ ሌላው ኋላ ቀሪ ይሆናል። የብዙ ተከላካይ የሙያ ታሪክ የሚጀምረው በዚህ የምርጫ ቅደም ተከተል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኋላ የቀረው ልጅ ታዲያ ሌሎቹ የማይማሩትን ይማራል፤ ሜዳው ጠጠርና አቧራ ስለሆነ ኳሱ መሬት በነካ ቁጥር ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም፣ ወደ ኳሱ የሮጠ ይሸወዳል፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቆሞ የጠበቀ ደግሞ ይደርስበታል። አሰልጣኞች ቦታ አያያዝ የሚሉት፣ ማለትም ከኳሱ በፊት ኳሱ የሚያርፍበትን ማወቅ፣ በሣር ሜዳ ላይ በዓመታት ልምምድ የሚገኝ ሲሆን በጠጠር ሜዳ ላይ ግን አስገዳጅ ነው። እርግጥ ጠጠር ሜዳ ብቻውን ተከላካይ አያፈራም፤ በጠጠር ላይ ተንሸራቶ ኳስ መንጠቅ ጉልበት ስለሚልጥ በዚህ ዓይነት ሜዳ ያደገ ልጅ ይህን ዘዴ ዘግይቶ ይማረዋል፣ ከፍ ባለ ሊግ ሲደርስም ጉድለቱ ይታያል።

ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች መካከል የተዘዋዋሪ ተከላካይን መንገድ በሰፊው ከሄዱት አንዱ ዋሊድ አታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በሪያድ ተወልዶ በስዊድን ያደገው ይህ የመሀል ተከላካይ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የስዊድንን ሊግ ዋንጫ ባነሳው በስቶክሆልሙ ኤአይኬ ተጫውቷል፤ በሙያ ዘመኑም ለክሮኤሺያው ዳይናሞ ዛግሬብ፣ በስዊድን ለሄልሲንግቦርግና ለሄከን፣ ለአንካራው ጌንችሌርቢርሊይ፣ እንዲሁም ለሳዑዲው ናጅራን ተሰልፏል። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ብሔራዊ ቡድኑን በሚያሠለጥኑበት እ.ኤ.አ. በ2014 የዋልያዎቹን ማልያ ሲለብስ፣ ቡድኑ ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ካደረጋቸው ስድስት ጨዋታዎች ያሸነፈው አንዱን ብቻ፣ ማሊን በባማኮ 3 ለ 2 የረታበትን ነበር። የክለቦቹ ዝርዝር ሲነበብ የሚያስደንቀው ብዛቱ ሳይሆን የአገራቱ መለያየት ነው፤ ከባልቲክ ዳርቻ ብርድ እስከ ዓረብ በረሃ ሙቀት፣ በየአንዱ ቦታ ሌላ አሰልጣኝ፣ ሌላ የመከላከል ዘዴ፣ ሌላ ቋንቋ አለ።

ቋንቋው ቀላል ጉዳይ አይደለም። አጥቂ ዝም ብሎ ሊያስቆጥር ይችላል፣ የመሀል ተከላካይ ግን ግማሽ ሥራው ንግግር ነው። ከኋላ ሆኖ ሜዳውን ሁሉ የሚያየው እሱ ስለሆነ፣ ጀርባውን ለሰጠ አማካይ «ሰው አለ!» ብሎ መጮህ፣ መስመሩ ወደ ፊት እንዲገፋ «ውጡ!» ማለት፣ ለጎኑ ተከላካይ «ያዘው፣ እኔ አለሁ» ብሎ ማረጋገጥ አለበት። መስመሩ ወደ ፊት የሚወጣው ባላጋራውን ከጨዋታ ውጪ ለማድረግ ነው፤ ይህም ኳሱ በሚላክበት ቅጽበት አጥቂው ከኳሱና ከሁለተኛው የመጨረሻ ተከላካይ አልፎ ለባላጋራው ግብ ከቀረበ ጨዋታው የሚቆምበት ደንብ ሲሆን፣ አራቱ ተከላካዮች በአንድ ቃል ካልተንቀሳቀሱ ወጥመዱ ራሳቸውን ይይዛቸዋል። እንግዲህ በየሁለት ዓመቱ አገር የሚቀይር ተከላካይ ሰላምታ ከመማሩ በፊት እነዚህን ሦስትና አራት ትእዛዞች በአዲሱ ቋንቋ መማር ይኖርበታል። የዝውውር ዜና የሚጽፉ ሰዎች ስለ ፊርማ ክፍያ እንጂ ስለዚህ ሲጽፉ እምብዛም አይታይም።

የተከላካይ ሥራ ምን ያህል በቅጽበት ላይ የተንጠለጠለ እንደሆነ ለማየት ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በያውንዴው ኦሌምቤ ስታዲየም የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ኢትዮጵያ ከስምንት ዓመት በላይ ቆይታ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ባደረገችው የመክፈቻ ጨዋታዋ፣ 12ኛው ደቂቃ ላይ የመሀል ተከላካዩ ያሬድ ባየህ ወደ ግብ የሚያመራውን ጁሊዮ ታቫሬስን በጥፋት አስቀረው፤ ዳኛው በቪዲዮ ረዳት ዳኝነት፣ ማለትም ድርጊቱን በስክሪን ደግሞ በሚያሳየው ሥርዓት፣ ካዩት በኋላ ቀይ ካርድ አወጡ። ደንቡ ግልጽ የግብ ዕድል ማክሸፍ ይለዋል፤ አጥቂው ለግቡ ያለው ርቀት፣ የሚሮጥበት አቅጣጫ፣ ኳሱን የመቆጣጠር ዕድሉና በአካባቢው ያሉት ሌሎች ተከላካዮች ቁጥር ተመዝነው የሚሰጥ ውሳኔ ነው። ኢትዮጵያ ቀሪውን ጨዋታ በአሥር ሰው ተጫውታ 1 ለ 0 ተሸነፈች፣ ግቡንም ያስቆጠረው ራሱ ታቫሬስ ነበር። በጠጠር ሜዳ ላይ ያደገ ተከላካይ የመጨረሻ ሰው ሆኖ ሲቀር የሚመርጠው ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ አጥቂውን መልቀቅ ወይም መጎተት፤ በየሰፈሩ ጨዋታ ጎትቶ ያዳነ ይመሰገናል፣ በዓለም አቀፍ ጨዋታ ግን ከሜዳ ይወጣል።

ያሬድ ባየህ በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲያነሳ የቡድኑ አምበል የነበረ ሲሆን፣ በኋላ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ተሻግሮ ለባሕር ዳር ከተማ ተጫውቷል። ከዲላ ተነስቶ በቅዱስ ጊዮርጊስ ለዓመታት የቆየው ሌላው የመሀል ተከላካይ አስቻለው ታመነም በተራው ወደ ፋሲል ከነማ ሄዷል። እነዚህ ስማቸው የታወቀ ናቸው፤ ከእነርሱ በታች ከፍተኛ ሊግና አንደኛ ሊግ በሚባሉት ደረጃዎች በየክረምቱ ቡድን የሚቀይሩት ተከላካዮች ብዙ ናቸው። በአገራችን የዝውውሩ ወቅት ዝናቡ ነው፤ ሊጉ በሰኔ ካለቀ በኋላ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ውል ይፈረማል፣ በውድድሩ አጋማሽ ደግሞ አጭር የዝውውር ጊዜ ይከፈታል። ክለቦቹ በአብዛኛው የከተማ አስተዳደሮች ወይም የመንግሥት ድርጅቶች ስለሆኑ በጀታቸው የሚጸድቀው በየዓመቱ ነው፣ በጀቱ ዓመታዊ ከሆነ ውሉም ከአንድና ከሁለት ዓመት ብዙም አያልፍም። አሰልጣኝ ሲባረር ደግሞ አዲሱ የሚያምነውን ተከላካይ ይዞ ይመጣል፤ አንድ ቡድን በአንድ ጊዜ የሚያሰልፈው ሁለት ወይም ሦስት የመሀል ተከላካይ ብቻ ስለሆነ ቀድሞ የነበረው ሻንጣውን ያነሳል።

ውሉ ያለቀበት ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ መሄድ የሚችለው በአውሮፓ ሕግ መሠረት ከታኅሣሥ 1995 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ የቤልጂየሙ ዣን ማርክ ቦስማን ከአርኤፍሲ ሊዬዥ ወደ ፈረንሳዩ ዳንኬርክ እንዳይሄድ ተከልክሎ የአውሮፓ ፍርድ ቤት የፈረደለት በዚያ ጊዜ ነበር፣ ፍርዱም ቀስ በቀስ የዓለምን የዝውውር ደንብ ቀየረ። ነፃ ዝውውር ሲባል ግን ገንዘብ የለም ማለት አይደለም፤ ለክለብ ይከፈል የነበረው በከፊል በፊርማ ክፍያ መልክ ለተጫዋቹ ይዞራል። የኢትዮጵያ ክለቦች በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ የተስማሙት ወጪው ስለናረባቸው ነበር። ጣሪያ ማበጀት ተገቢ ቢሆንም ክፍያው ለሕዝብ በማይገለጥበት አገር ጣሪያ ብቻውን ብዙ አይሠራም፤ የሚከፈለው ካልታየ የሚታለፈውም አይታይም።

በዚህ ረገድ የአሜሪካ ልማድ ለንጽጽር ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1996 ጨዋታ በጀመረው ሜጀር ሊግ ሶከር ተጫዋቹ ውል የሚፈርመው ከክለቡ ጋር ሳይሆን ከሊጉ ከራሱ ጋር ስለሆነ፣ ክለቦች ተጫዋችን በተጫዋች ወይም በወደፊት የምልመላ ተራ ይለዋወጣሉ፣ ተከላካዩም አንድ ቀን ጠዋት ሌላ ከተማ እንደተመደበ ሊነገረው ይችላል። የሊጉ የተጫዋቾች ማኅበር ግን የእያንዳንዱን ተጫዋች ደመወዝ ለሕዝብ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ምልመላ በመጨረሻው ተራ የተመረጠው ተከላካይ ጄፍ ፓርክ ከኒው ዮርክ ጀምሮ በሲያትል፣ በፊላደልፊያና በዋሽንግተኑ ዲሲ ዩናይትድ ለአሥር ዓመት ያህል መቆየቱ፣ መጨረሻ የተመረጠ ሁሉ ቶሎ እንደማይወድቅ ያሳያል። ይህ በሸዋ ሮቢት ሜዳ ላይ መጨረሻ ለተመረጠው ልጅ እንግዳ ታሪክ አይደለም፤ ልዩነቱ ፓርክ የመጨረሻው ሆኖ መመረጡ እንኳ ከነቁጥሩ በመዝገብ መኖሩ ነው። በዚያው አገር ኢትዮጵያውያን ስደተኞች እ.ኤ.አ. በ1984 በመሠረቱት የስፖርት ፌዴሬሽን አማካይነት በየክረምቱ ከተማ እየቀያየሩ ውድድር ማካሄዳቸው፣ ተዘዋዋሪነት ለኢትዮጵያዊ ኳስ ተጫዋች አዲስ እንዳልሆነ ሌላው ምልክት ነው።

ብሔራዊ ቡድኑ ራሱስ ተዘዋዋሪ አልሆነ? የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የባሕር ዳር ስታዲየምን ከከለከለበት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ዋልያዎቹ የሜዳቸውን ጨዋታ በሰው አገር እንዲያደርጉ ተገደዋል፤ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች 2 ለ 0 ያሸነፉበት «የሜዳ» ጨዋታ የተካሄደው በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነበር። የአገር ውስጡ ሊግም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰብስበው ለሳምንታት በሆቴል እየኖሩ የሚጫወቱበት ሥርዓት ውስጥ ገባ፤ መጀመሪያ በኮሮና ምክንያት የተጀመረው ይህ አሠራር ጅማን፣ ባሕር ዳርን፣ ድሬዳዋን፣ ሐዋሳንና አዳማን አዳርሷል። በትግራይ ጦርነት የተነሳ መቀሌ 70 እንደርታን የመሳሰሉ የትግራይ ክለቦች ከሊጉ ሲወጡ፣ ተጫዋቾቻቸው በየፊናቸው ተበትነዋል፤ ክለቦቹ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ነው።

ይፋትም ከዚህ አልተረፈም። በ2013 ዓ.ም. የጸደይ ወራት አጣዬና አካባቢዋ ተቃጥለው ሕዝቡ ሲፈናቀል ሸዋ ሮቢትም ተነክታለች፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዋ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገብታ ከቀናት በኋላ ተለቅቃለች፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም ጎዳናውን በየጊዜው እየዘጋ እየከፈተ ቆይቷል። መንገድ ሲዘጋ ሽንኩርት ማሳ ላይ ይበሰብሳል፤ ደብረ ብርሃን ለሙከራ የተጠራ ልጅም ቀኑ ያልፍበታል። ተዘዋዋሪ ለመሆን እንኳ መጀመሪያ መንገድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መድረስ ይቻላል። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ደንብ ተጫዋችን ያሳደጉ ክለቦች ሁለት ዓይነት ክፍያ እንዲያገኙ ይፈቅዳል። የመጀመሪያው የሥልጠና ካሣ ሲሆን ተጫዋቹ የመጀመሪያ የባለሙያ ውሉን ሲፈርምና 23 ዓመት እስከሚሞላበት የዘመን አቆጣጠር ዓመት መጨረሻ ድረስ ከአገር አገር ሲዛወር የሚከፈል ነው። ሁለተኛው የአብሮነት ክፍያ ይባላል፤ ዓለም አቀፍ ገጽታ ካለው ከማንኛውም የዝውውር ገንዘብ ላይ 5 ከመቶው ተቀንሶ፣ ተጫዋቹ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዝውውሩ ሩብ ከመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ ግማሽ ከመቶ ነው። አንድ ተጫዋች በ100 ሺህ ዶላር ቢሸጥ በ14 ዓመቱ ያሠለጠነው ክለብ ለዚያ አንድ ዓመት 250 ዶላር፣ በ17 ዓመቱ ያሠለጠነው 500 ዶላር ያገኛል ማለት ነው። ለትልቅ ክለብ ምናምን ነው፣ ለአንድ የወረዳ ታዳጊ ፕሮጀክት ግን የዓመት ኳስና ማልያ ይገዛል።

እዚህ ላይ የተከላካዩ ዕጣ ሁለት ጊዜ ያጎድላል። ተከላካይ በአብዛኛው በነፃ ስለሚዛወር አምስት ከመቶ የሚቀነስበት ገንዘብ አይኖርም፤ አልፎ አልፎ ገንዘብ ሲኖር ደግሞ ክፍያው የሚሰላው የተጫዋች ፓስፖርት በተባለው ሰነድ፣ ማለትም ተጫዋቹ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ በየትኛው የውድድር ዘመን በየትኛው ክለብ እንደተመዘገበ በሚያሳየው ዝርዝር ነው። በመዝገብ የሌለ ዓመት የማንም ዓመት አይደለም። በቆላው ሜዳ ላይ ከአሥር ሰዓት እስከ ማታ የሠለጠነ ልጅ ስሙ መጀመሪያ የሚሰፍረው 18 ወይም 19 ዓመት ሲሆነው በሌላ ከተማ ከሆነ፣ ከዚያ በፊት ያሳደጉት ሰዎች በደንቡ ዓይን አልነበሩም። የዕድሜ ክርክሩም ከዚሁ ይመነጫል፤ የእጅ አንጓ አጥንት በኤምአርአይ ተነስቶ ዕድሜ የሚመረመርበት ዘመን የመጣው የሚታመን የልደት መዝገብ በብዙ አገር ስለታጣ ነው።

ተጫዋቹ ይዘዋወር፤ ሙያው ነው፣ መብቱም ነው፣ ክለብ መቀያየሩን እንደ ነውር የሚቆጥረው የደጋፊ ወሬም ፍትሐዊ አይደለም። ሊቀየር የሚገባው ከመነሻው ያለው ነው፣ እሱም ስታዲየም እንደመገንባት ብዙ ሚሊዮን ብር አይጠይቅም። በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬ፣ በሰንበቴና በደብረ ሲና ታዳጊዎችን የምታሠለጥኑ አሰልጣኞች፣ የትምህርት ቤት ስፖርት መምህራንና የወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች፣ የዘንድሮውን ልጆች ስም፣ የአባትና የአያት ስም፣ የልደት ቀን፣ የሚጫወቱበትን ቦታና የገቡበትን ወር በአንድ ደብተር ጻፉ፣ ቡድኑንም በፌዴሬሽኑ መዝገብ አስገቡ፤ ኋላ የሚቆመውን ልጅ ስም አትዝለሉ።